ዕጢው አንድ፣ ስህተቱ ሁለት፦ አንዱን ልጅ የሚረዳው መድኃኒት ሌላውን ለምን ይጎዳል?

ሁለት ሕጻናትን እናስብ። ሁለቱም 6 ዓመታቸው ነው። ሁለቱንም ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። ሁለቱም ኤምአርአይ ተነሡ፤ አንጎላቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ከዕጢው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሁለቱም ውጤት ተመሳሳይ ሆነ፦ "ዝቅተኛ ደረጃ ግላዮማ"።

እዚህ ድረስ ምንም ልዩነት የላቸውም። አሁን ለሁለቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት ተሰጣቸው እንበል። የአንደኛው ልጅ ዕጢ ሊቀንስ ይችላል። የሁለተኛው ግን ጭራሽ በፍጥነት ሊያድግ ይችላል።

እንዴት ሊሆን ይችላል? መልሱ ኤምአርአይ ላይ የለም። ያለው ዕጢው ውስጥ፣ ዲኤንኤው ላይ ነው። ዛሬ ይህንን ጉዳይ በቀላል ቋንቋ ልናስረዳችሁ ነው። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ልጅ ወይም ታናሽ ወንድምና እህት ላለው ሁሉ የሚጠቅም ነውና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

📌 "ዝቅተኛ ደረጃ" ሲባል ምን ማለት ነው?

አንጎላችን ውስጥ ያሉት መልእክት የሚያመላልሱ የነርቭ ሴሎች ብቻ አይደሉም። እነሱን የሚደግፉ፣ የሚመግቡና የሚጠብቁ ሌሎች ሴሎችም አሉ፤ "ግሊያ" ይባላሉ። ከእነዚህ ሴሎች ወገን የሚነሳ ዕጢ "ግላዮማ" ይባላል።

የዓለም ጤና ድርጅት የአንጎል ዕጢዎችን ከ1 እስከ 4 በደረጃ ይከፍላቸዋል። 3ኛና 4ኛ ደረጃ ላይ ያሉት በፍጥነት የሚያድጉት አደገኞቹ ናቸው። 1ኛና 2ኛዎቹ ደግሞ ቀስ ብለው ያድጋሉ፤ "ዝቅተኛ ደረጃ" የሚባሉትም ለዚህ ነው።

ሕጻናት ላይ በብዛት የሚታየው የአንጎል ዕጢ ይሄው ዝቅተኛ ደረጃ ግላዮማ ነው። በልጆች ላይ ከሚገኙ 10 የአንጎል ዕጢዎች ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ከዚህ ወገን ናቸው።

ጥሩው ዜና፦ ጥሩ ሕክምና ባለባቸው አገራት ይህ ዕጢ ከተገኘባቸው 10 ልጆች 9 ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ።

ታዲያ "ዝቅተኛ" ነው ማለት ግን "ቀላል" ነው ማለት አይደለም። የራስ ቅል የሚለጠጥ ነገር አይደለም፤ ውስጡ ትርፍ ቦታ የለም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ "ዕጢው የት ነው ያለው?" የሚለው ነው።

👉 ከኋላ በኩል፣ ሚዛናችንን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ በኦፕራሲዮን ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ደግሞ ብዙዎቹ ልጆች ሌላ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው ይድናሉ።

👉 የዓይን ነርቭ ላይ፣ ሆርሞን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ወይም ግንደ አንጎል ላይ ከሆነ ግን ቀዶ ሐኪሙ ሁሉንም ቆርጦ ማውጣት አይችልም። ልክ ካለፈ የልጁን ዓይን ወይም እስትንፋስ ሊነካ ይችላል።

እነዚህኞቹ ልጆች ከዕጢው ጋር ለዓመታት ይኖራሉ። ኬሞ ይወስዳሉ፣ ይቆማል፣ ዕጢው ተመልሶ ያድጋል፣ ሌላ ኬሞ ይጀመራል። በሕይወት ይኖራሉ፤ ግን አንዳንዱ የዓይኑን ብርሃን ያጣል፣ ሌላው ከትምህርቱ ወደኋላ ይቀራል። የጨረር ሕክምና ዕጢውን ሊያቆመው ይችላል፤ ነገር ግን እያደገ ያለን አንጎል ስለሚጎዳና ከዓመታት በኋላ ሌላ ካንሰር ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሞች ለልጆች በተቻለ መጠን ያስቀሩታል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች "ይሄን ዕጢ ከውስጥ የሚነዳው ምንድን ነው?" ብለው መጠየቅ ነበረባቸው።

📌 ሳይታዘዝ ፎርዋርድ የሚያደርገው ጂን

አንድ ሴል በራሱ ፈቃድ አይባዛም። ከውጭ "አሁን እደግ፣ ተባዛ" የሚል ትዕዛዝ መምጣት አለበት። ትዕዛዙ በሴሉ በር ላይ ይደርስና ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተላለፈ መሐል ድረስ ይሄዳል።

ይህን እንደ ቴሌግራም መልእክት አስቡት። አንዱ ለሚቀጥለው ፎርዋርድ ያደርጋል፣ እሱም ለሚቀጥለው። በዚህ ሰንሰለት ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ስማቸው በቅደም ተከተል ራስ፣ ራፍ፣ ሜክ እና ኤርክ ነው ("ራስ" እዚህ ጋ የፕሮቲኑ ስም እንጂ ጭንቅላት ማለት አይደለም)። የመጨረሻው ኤርክ መልእክቱ ሲደርሰው ሴሉ መባዛት ይጀምራል። ትዕዛዙ ሲያበቃ ደግሞ ሁሉም ዝም ይላል።

ችግሩ የሚመጣው ከመካከላቸው አንዱ ማንም ሳያዘው መልእክቱን ሌትና ቀን ፎርዋርድ ማድረግ ሲጀምር ነው። ከላይ ምንም ትዕዛዝ የለም፤ ከታች ግን "ተባዛ፣ ተባዛ" የሚለው መልእክት አይቆምም። ዕጢ የሚባለው እንግዲህ የዚህ ውጤት ነው።

እ.ኤ.አ በ2013 ይፋ በሆነ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ከዝቅተኛ ደረጃ ግላዮማዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው "ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ" የተባለው ዓይነት ተመረመረ። የ96 ዕጢዎች ሙሉ ዲኤንኤ ተነበበ። የተገኘው ነገር የሚገርም ነበር፦ የስህተቱ ዓይነት ይለያይ እንጂ ስህተቱ ያለው በዚሁ በአንድ ሰንሰለት ላይ ነው።

የአዋቂ ሰው ካንሰር ብዙውን ጊዜ በዓመታት ውስጥ የተጠራቀሙ ብዙ የዲኤንኤ ስህተቶች አሉት። የእነዚህ ልጆች ዕጢ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ስህተት ብቻ ነው ያለው። አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱን ማነጣጠር ይቻላል ማለት ነው።

📌 ስህተቶቹ እነማን ናቸው?

1️⃣ የተጣበቁት ሁለት ጂኖች

"ቢራፍ" የሚባል ጂን አለ፤ ከላይ ያየነውን የራፍ ፕሮቲን ከሚሠሩት አንዱ ነው። የሚገኘው 7ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። እ.ኤ.አ በ2008 ተመራማሪዎች በብዙ ልጆች ዕጢ ውስጥ ከዚህ ክሮሞዞም ወደ 2 ሚሊዮን ፊደል የሚጠጋ ቁራጭ ሁለት ጊዜ ተደግሞ አገኙ። ቁራጩ ሲደገም ቢራፍ "ኬአይኤኤ1549" ከተባለ ሌላ ጂን ጋር ተጣበቀ።

ይህ ለምን ይጎዳል? ጤነኛ ቢራፍ የፊት ክፍሉ ላይ ፍሬን አለው፤ "ካልታዘዝክ አትንቀሳቀስ" የሚለው ክፍል ነው። ሲጣበቅ ግን ያ የፊት ክፍል ተቆርጦ ይቀራል። መኪናው ፍሬኑ ወልቆ ሞተሩ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

በልጆች ዝቅተኛ ደረጃ ግላዮማ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ይህ ነው። በተለይ ትንሹ አንጎል ላይ የሚወጣው ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ አብዛኛው ይህ መጣበቅ አለበት።

2️⃣ አንድ ፊደል የተቀየረበት ቢራፍ

ይሄኛው "ቪ600ኢ" ይባላል። ፕሮቲን እንደ ዶቃ የተሰካካ ነው። በቢራፍ 600ኛው ዶቃ ላይ ቫሊን የተባለው መሆን ሲገባው ግሉታሜት ገብቶበታል። መነሻው ዲኤንኤው ላይ የአንዲት ፊደል መቀየር ብቻ ነው። ሰው ከወላጁ የሚወርሰው ዲኤንኤ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ነው፤ ከዚያ ሁሉ አንዷ ቦታ ሳተች።

ይህ ለውጥ እ.ኤ.አ በ2002 መጀመሪያ የታወቀው በልጆች አንጎል ላይ ሳይሆን በአዋቂዎች የቆዳ ካንሰር (ሜላኖማ) ላይ ነው። ለእሱ የተሠሩት መድኃኒቶች ናቸው በኋላ ለልጆቹ የደረሱት።

ቪ600ኢ ያለባቸው ዕጢዎች በአማካይ ከተጣበቀው ዓይነት የባሰ ጠባይ አላቸው። ለተለመደው ኬሞ ብዙም አይመልሱም፤ በተለይ "ሲዲኬኤን2ኤ" የተባለው የመከላከያ ጂን አብሮ ከጠፋ ወደ ከፍተኛ ደረጃ የመለወጥ ዕድላቸው ይጨምራል።

3️⃣ ኤንኤፍ1፦ ከልደት ጀምሮ የጎደለ ፍሬን

ኤንኤፍ1 የሚባለው ጂን ሥራው የራስን ፕሮቲን ማጥፋት፣ ማለትም መልእክቱን ማስቆም ነው። ይህ ጂን ተበላሽቶ የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ ሁኔታው "ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1" ይባላል። ከ3,000 ሰዎች በ1 ሰው ገደማ ላይ ይገኛል። ከእነዚህ ልጆች ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት የዓይን ነርቭ መስመር ላይ ግላዮማ ይወጣባቸዋል።

ምልክቱን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል፦ ቡና በወተት የመሰለ ቀለም ያላቸው ጠፍጣፋ ምልክቶች ቆዳ ላይ ይወጣሉ። አንድ ሁለት መኖሩ ብዙ ጤነኛ ልጅ ላይም ያለ ነው። ትንሽ ልጅ ላይ ከ5 ሚሊሜትር የሚበልጡ 6 ወይም ከዚያ በላይ ካሉ ግን ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል፤ ዓይኑም በየጊዜው መታየት አለበት።

4️⃣ ሌሎቹ

ኤፍጂኤፍአር1፣ ኤንትራክ፣ ሚብ የሚባሉ ጂኖች ላይም ስህተት ይገኛል። ቁጥራቸው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ስማቸውን ብቻ ጠቅሰን እንለፍ።

📌 "ምን አጥፍተን ነው?"

ወላጆች ይህ ዜና ሲነገራቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው። በእርግዝና ጊዜ የበላሁት ነው? ስልክ ስላስያዝነው ነው? ወድቆ ስለነበር ነው?

መልሱን በግልጽ እንናገር፦ አይደለም። ከኤንኤፍ1 በቀር ከላይ ያየናቸው ለውጦች በአብዛኛው ከእናት ወይም ከአባት የተወረሱ አይደሉም። አንጎሉ እያደገ ሳለ አንድ ሴል ዲኤንኤውን ሲገለብጥ የተፈጠሩ ስህተቶች ናቸው። እንደ ኮፒ ማሽን ነው፤ ቢሊዮን ጊዜ ሲገለበጥ አንዱ ላይ ይስታል። ወንድምና እህቶቹም ላይ ይመጣል ማለት አይደለም። ኤንኤፍ1 ራሱ እንኳ ከግማሽ ያህሉ ልጆች ላይ ከወላጅ ሳይመጣ አዲስ የሚፈጠር ነው።

ማንም አላጠፋም። ይህን አንብቦ ለአንዲት እናት የሚነግር ሰው ካለ ጽሑፉ ሥራውን ሠርቷል።

📌 መድኃኒቱ ሲያባብስ

አሁን ወደ ሁለቱ ልጆች እንመለስ።

ቢራፍ ጥፋተኛ መሆኑ ሲታወቅ ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነው፦ "በቃ፣ ቢራፍን የሚያስቆም መድኃኒት እንስጣቸው።" በአሜሪካ ሶራፌኒብ የተባለ፣ ለአዋቂዎች የጉበትና የኩላሊት ካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት ዝቅተኛ ደረጃ ግላዮማ ባለባቸው ልጆች ላይ ተሞከረ። ራፍን ያግዳል ተብሎ ነበር የታሰበው። ከ11 ልጆች በ9ኙ ላይ ዕጢው አደገ፤ ያውም ከተጠበቀው በላይ በፍጥነት። ሙከራው ተቋረጠ። ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2014 ታተመ።

ምን ሆኖ ነው? ቪ600ኢ ያለበት ቢራፍ ብቻውን ነው የሚሠራው። የተጣበቀው ቢራፍ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች ከጥንዱ አንዱ ላይ ሲቀመጡ ሌላኛውን ይቀሰቅሱታል። ብቻውን ያለውን ዝም ያሰኘው መድኃኒት ጥንዶቹን አስጮኻቸው ማለት ነው። መልእክቱ ጭራሽ በረታ።

ስለዚህ "ልጁ ቢራፍ አለበት" ማለት ብቻ አይበቃም። የትኛው ቢራፍ? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ እነዚህን መድኃኒቶች መጀመር አደጋ ነው።

📌 ትክክለኛው መድኃኒት ለትክክለኛው ስህተት

✅ ለቪ600ኢ፦ ዳብራፌኒብ (ቢራፍን የሚያግድ) እና ትራሜቲኒብ (ከእሱ በታች ያለውን ሜክን የሚያግድ) አንድ ላይ ይሰጣሉ። በ110 ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት በሁለቱ መድኃኒቶች የታከሙት 47 በመቶዎቹ ዕጢያቸው በግልጽ ቀነሰ፤ በተለመደው ኬሞ የታከሙት ላይ ግን ይህ የታየው በ11 በመቶው ብቻ ነው። ዕጢው እንደገና ሳያድግ የቆየበት ጊዜም በመካከለኛ ግምት 20 ወር ገደማ ሲሆን በኬሞ ግን ከ7 ወር ትንሽ በለጥ ይል ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በመጋቢት 2023 ዕድሜያቸው 1 ዓመት ለሞላ ልጆች ፈቀደው።

✅ ለተጣበቀው ቢራፍ፦ ቶቮራፌኒብ የተባለ መድኃኒት መጣ። ይሄኛው የተሠራው ጥንዶቹንም እንዲያግድ ሆኖ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳል። በሌላ ሕክምና ዕጢያቸው ካልቆመ ልጆች ግማሽ ያህሉ ላይ ዕጢው ቀነሰ። ከ6 ወር ጀምሮ ላሉ፣ የቀድሞ ሕክምና ላልሠራላቸው ሕጻናት እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2024 እዚያው አሜሪካ ተፈቀደ።

ኬሞ ግን ጊዜው አልፎበታል ብላችሁ እንዳታስቡ። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ብዙ ልጆች በካርቦፕላቲንና በቪንክሪስቲን ታክመው ዕጢያቸው ይቆማል።

📌 ግን ተአምር አይደለም

❗ መድኃኒቱ ሲቆም በተለይ ቪ600ኢ ያለበት ዕጢ በብዙ ልጆች ላይ ተመልሶ ያድጋል። ለስንት ዓመት መሰጠት እንዳለበት ዓለም ገና እያጠና ነው።

❗ የጎንዮሽ ጉዳት አለ። ዳብራፌኒብ ትኩሳት ያመጣል፣ ትራሜቲኒብ ቆዳና ጥፍር ይጎዳል። ቶቮራፌኒብ ደግሞ የብዙ ልጆችን ፀጉር ቀለም ይቀይራል፤ የአንዳንዶቹንም ቁመት እድገት ያዘገያል።

❗ ዋጋቸው እጅግ ውድ ነው። እንደኛ ባሉ አገራት አንድ ተራ ቤተሰብ በራሱ የሚችለው አይደለም።

አንድ የሚያጽናና ነገርም አለ። እነዚህ ዕጢዎች ብዙ ጊዜ በራሳቸው ይደክማሉ። ሴሉ ያለ ማቋረጥ "ተባዛ" ሲባል ይቆይና አንድ ቀን የራሱ መከላከያ ነቅቶ መባዛቱን ያቆማል። ብዙ ልጆች ወደ አዋቂነት ሲገቡ ዕጢያቸው ዝም የሚለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታሰባል። የሐኪሞቹም ትግል የልጁን ዓይንና አንጎል ሳይጎዱ እስከዚያ ድረስ ማድረስ ነው።

📌 ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገራት ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ግን ከ30 በመቶ በታች። ልዩነቱን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ዘግይቶ መታወቁ ነው።

እዚህ አገር ልጅ ሲያስመልሰው "ምች ነው"፣ "ወስፋት ነው"፣ "ጨጓራ ነው" ይባላል። ብዙ ጊዜም ቀላል ነገር ነው። የልጅ ራስ ምታት ሁሉ ዕጢ አይደለም፤ እጅግ አብዛኛው አይደለም። ነገር ግን እነዚህ ለሳምንታት ከቀጠሉ ወይም ሁለት ሦስቱ አብረው ከመጡ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፦

▪️ ጠዋት ሲነሳ የሚብስ ራስ ምታት
▪️ ትኩሳትና ተቅማጥ የሌለው፣ የሚደጋገም ማስመለስ
▪️ ሲራመድ መንገዳገድ፣ እቃ ከእጁ መውደቅ
▪️ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ መያዝ
▪️ አዲስ የመጣ የዓይን መንሸዋረር፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ ቴሌቪዥን ላይ ተጠግቶ ማየት
▪️ ያለ ትኩሳት የሚመጣ መንቀጥቀጥ (ይህ ከሆነ ሳምንት አይጠበቅም፤ ወዲያው ነው)
▪️ ጨቅላ ከሆነ ጭንቅላቱ ከልክ በላይ በፍጥነት ማደግ

ጸበልም ዱዓም የሚያደርግ ቤተሰብ ያድርግ፤ ሐኪም ጋ መሄድን ግን አያስቀርም። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።

ዕጢ ተገኝቶ ናሙና ከተወሰደ ደግሞ እነዚህን ጠይቁ፦

1. "የዕጢው ስም ምንድን ነው? ሙሉ በሙሉ ወጥቷል?" ሙሉ በሙሉ ከወጣ ብዙ ጊዜ ክትትል ብቻ ይበቃል። ኤንኤፍ1 ላለበት ልጅም የዓይን ነርቭ ዕጢ ብዙ ጊዜ ናሙና ሳይወሰድ በኤምአርአይና በዓይን ምርመራ ነው የሚከታተሉት።

2. "የቢራፍ ምርመራ ማድረግ ይቻላል?" ለቪ600ኢ ናሙናውን ቀለም በማስያዝ ብቻ የሚሠራ፣ ሙሉ ዲኤንኤ ከማንበብ በጣም የሚረክስ ምርመራ አለ። የተጣበቀውን ለማወቅ ግን ሌላ ዓይነት ምርመራ ያስፈልጋል።

3. "ናሙናው የት ነው የሚቀመጠው?" ከዕጢው የተወሰደው ቁራጭ በሰም ተደርጎ ለዓመታት መቆየት ይችላል። ዛሬ ምርመራው ባይገኝ ነገ ሌላ ቦታ ሊላክ ይችላል። የፓቶሎጂ ወረቀቱንና የኤምአርአይ ሲዲውን አትጣሉ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

እና አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከውጭ አገር ዘመድ "አዲስ መድኃኒት ወጥቷል፣ ልላክላችሁ" ቢላችሁ ልባችሁ ቢጓጓም መጀመሪያ የልጁ ዕጢ የትኛው ስህተት እንዳለበት ይታወቅ። ምክንያቱን ከላይ አይታችኋል። የ11ዱ ልጆች ሙከራ ያስተማረው ይህንኑ ነው፦ ለአንዱ የሆነው ለሌላው ላይሆን ብቻ ሳይሆን ሊጎዳውም ይችላል።

እነዚያ መጀመሪያ ላይ ያሰብናቸው ሁለት ሕጻናት በኤምአርአይ አይለዩም፣ በምልክት አይለዩም። የሚለያቸው አንድ የምርመራ ወረቀት ነው። ያቺ ወረቀት እንዳለች የሚያውቅ ቤተሰብ ሐኪሙን ይጠይቃል፤ የማያውቅ ግን ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱት።